ጠቅ ያላለው ገመድ

ልጄ ምሕረት ያለ ምክንያት አትደውልልኝም። በዓል ሲሆን ትደውላለች፣ ዘመድ ሲታመም ትደውላለች፤ ከዚያ ውጪ እኔም አልደውልም፣ እሷም አትደውልም። ስለዚህ ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ስሟን ስልኬ ላይ ሳይ፣ የያዝኩትን መፍቻ አስቀምጬ እጄን በጨርቅ ጠረግሁ።

«አባ፣ እትዬ ማርታ አረፈች» አለችኝ። «ሁለት ሳምንት ታማ ነበር አሉ። ዓርብ ዕለት አገሯ ዳምቦያ ተቀበረች። እኔ አሁን ነው የሰማሁት፤ አንተ ቀብሯ ላይ የነበርክ መስሎኝ ነበር።»

አልነበርኩም። ከሆሳዕና ዳምቦያ ሩቅ ሆኖብኝ አይደለም፤ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። ማርታን የሚያውቁ ሰዎች እኔን ከእሷ ጋር የሚያገናኘኝ ነገር አለ ብለው አያስቡም። ምሕረት፣ «እጄን ይዛ ያስጀመረችኝ እሷ ነበረች» አለችና ስልኩን ዘጋች። ልጄ አሁን አዲስ አበባ የኔትወርክ ባለሙያ ናት።

ሱቄ ከመናኸሪያው በታች ያለች አንዲት ክፍል ናት። ሆዳቸው የተከፈተ ኮምፒውተሮች፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር ለእኔ፣ አንድ ወንበር ለደንበኛ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ምሳዬንም እዚያው እበላለሁ። ያን ዕለት የደንበኛው ወንበር ባዶ ነበር። ማርታ ስትመጣ የምትቀመጠው በዚያ ወንበር ላይ ነበር። መፍቻውን መልሼ አላነሣሁም።

ስለ ማርታ የምጽፈው ለማመስገን ብቻ ቢሆን ደስ ባለኝ። ነገር ግን ስለ እሷ እውነቱን ልጽፍ ካልኩ ስለ ራሴም አንድ ነገር መጻፍ ግድ ይሆንብኛል፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ለማንም ያልተናገርኩትን።

ማርታን ያወቅኋት ምሕረት አሥረኛ ክፍል እያለች ነው። በከተማችን ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የአይሲቲ ባለሙያ ሆና ተቀጥራ መጣች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ ሰብስባ በአንድ ጥቁር የጸጉር ሽቦ የምታስይዝ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ልጅ ነበረች። መጀመሪያ ወደ ሱቄ የመጣችው የቆየ ራም ፍለጋ ነው። እኔ አንድ ኮምፒውተር ገጣጥሜ ጨርሼ ክዳኑን ዘግቻለሁ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብሎን ቀርቷል። አነሣኋቸውና ጣሳዬ ውስጥ ጣልኳቸው። ጣሳው በዓመታት በተረፈ ብሎን ግማሽ ድረስ ሞልቶ ነበር። እሷ ጣሳውን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች።

«ጋሼ፣» አለች በለሰለሰው የከምባታ አማርኛዋ፣ «እግዚአብሔር አዳምን ሠርቶ ሲጨርስ ብሎን ተርፎት ያውቃል?»

ሌላ ሰው ቢለኝ ከሱቄ አስወጣው ነበር። እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ ኮምፒውተር አልተማርኩም። ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ሬዲዮ ስጠግን፣ ከሬዲዮ ወደ ቴሌቪዥን፣ ከቴሌቪዥን ወደ ኮምፒውተር በራሴ እጅና በራሴ ዓይን የደረስኩ ሰው ነኝ። እንዲህ የተማረ ሰው ሁለት ነገር ይከተለዋል፤ አንደኛው ትዕግሥት ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ ኩራት። ኩራቱ ትዕግሥቱን ሲበላው ሰውየው አይታወቀውም። ያን ዕለት ግን ሳልወድ ሣቅሁ፤ ክዳኑንም ከፍቼ ሁለቱን ብሎኖች ቦታቸው መለስኩ። እሷ ቆማ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

ከዚያ በኋላ ሥራ በጠፋ ቁጥር እኔ ወደ እሷ፣ ዕቃ በጠፋ ቁጥር እሷ ወደ እኔ መመላለስ ጀመርን። አሠራሯን ቆሜ አየሁት። ኮምፒውተር ከመንካቷ በፊት እጇን ታጥባ ታደርቅና የመስኮቱን ብረት ትጨብጣለች፤ በሰውነቷ ያለውን ኤሌክትሪክ ለማራገፍ ነው። ቀጥሎ የማሽኑን ባለቤት ወይም ሠራተኛውን ትጠይቃለች፤

«መጨረሻ የተነካው ምንድን ነው?»

ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነው። ምንም አልነካሁም ይላል። ማርታ አትከራከርም። ሌላ ሌላውን እያየች ቆይታ ያንኑ ጥያቄ በዚያው ድምፅ ትጠይቃለች። ሦስተኛው ላይ አብዛኛው ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ልጁ ትናንት ጌም እንደጫነበት ወይም ውሃ እንደፈሰሰበት ይናገራል። አንድ ጊዜ ትዕግሥቷ ገርሞኝ ብጠይቃት፣ ምንም ያልነካ ሰው በዓለም ላይ የለም፣ አቧራ የጠረገም ነክቷል አለችኝ። ሰው ግን ወዲያው አይናገርም፤ ጊዜ ይፈልጋል አለች።

ሌላም ልማድ ነበራት። አንድ ማሽን ያለ ምክንያት እምቢ ሲል የኤሌክትሪክ ገመዱን ትነቅላለች፣ ሳንቲም የምታክለውን ባትሪ ታወጣለች፣ ከዚያም የማስነሻውን ቁልፍ ተጭና ሠላሳ ትቆጥራለች። ገመዱ ቢነቀልም ውስጡ የተረፈ ኤሌክትሪክ አለ፤ ያ እስኪወጣለት ካልተጠበቀ ማሽኑ የድሮ ስሕተቱን ይዞ ነው የሚነሣው። እኔም ይህን አውቃለሁ፤ ግን አምስት ላይ እሰለቻለሁ። እሷ በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ሳትቸኩል ትቆጥራለች፤ ማቱ፣ ላሙ፣ ሳሱ። እኔ ሀዲያ ነኝ፤ የእኛም ማቶ፣ ላሞ፣ ሳሶ ነው። ከእኛ ነው የሰረቃችሁት ብዬ ስቀልድባት፣ እስከ ሦስት አብረን ነበርን፣ አራት ላይ እናንተ መንገድ ሳታችሁ ትለኛለች። እውነትም አራት ላይ ትንሽ እንለያይና አምስት ላይ እንደገና እንገናኛለን።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ሴት ልጆችን ታስተምር ነበር፤ ገመድ መቁረጥ፣ ጫፉን መግጠም፣ መፈተሽ። ከሁሉ ቀድማ የምትሄደው ምሕረት ነበረች። አንድ ቅዳሜ ልጄ ቤት ስትገባ ፊቷን አይቼ ጠረጠርኩ። ጠየቅኋት፤ ምንም የለም አለች። እኔ ጥብቅ አባት ነኝ፤ ይህን አልደብቅም። ልጆቼ ቢርባቸው አዝናለሁ፣ ቢዋሹ ግን አልምርም። እራቷን ከፊቷ አነሣሁ። ስታለቅስ ቆይታ ተናገረች፤ የማርታን ገመድ መፈተሻ ጥላ ሰብራ፣ ማንም ሳያያት ሣጥን ውስጥ መልሳዋለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ይዣት ሄድኩ። በልጆቹ ሁሉ ፊት አቁሜ እንድትናገር አደረግሁ፤ እኔ በር ላይ እጄን አጣምሬ ቆሜያለሁ። ተናገረች። ማርታ አልተቆጣቻትም።

«አንቺ ነሽ የመጣሽው ወይስ አባትሽ ናቸው ያመጡሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

ምሕረት ወደ እኔ አየችና፣ «አባቴ» አለች።

«እንግዲያው ሰኞ ብቻሽን ነይ።»

ምሕረት ሰኞ ብቻዋን ሄደች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጄ የእኔ ሳይሆን የማርታ ደቀ መዝሙር ሆነች። ማርታ በኋላ ስታገኘኝ፣ ተገፍቶ የወጣ እውነት ግማሽ ነው ጋሼ አለችኝ። እኔ በልቤ፣ ልጅ ያልወለደ ሰው ስለ ልጅ አስተዳደግ ምን ያውቃል አልኩ።

አሁን ወደማልወደው ክፍል ደረስኩ።

ምሕረት አሥራ ሁለተኛ ክፍል እያለች፣ የማርታ መሥሪያ ቤት ዋና ኮምፒውተር መብራት ሄዶ ሲመጣ ተቃጠለ። ማርታ በዚያ ሳምንት አባቷ ታመውባት ዳምቦያ ሄዳለች። ኃላፊው እኔን አስጠሩኝ። ማዘርቦርዱ፣ ሌላው ዕቃ ሁሉ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ፣ ሞቷል። እኔ ዘንድ ያገለገለ ግን ጤነኛ ማዘርቦርድ ነበር፤ ይዤ ሄጄ ቀየርኩት። ሠራተኞቹ ዙሪያዬን ቆመው ያያሉ። ክዳኑን ዘግቼ ስነካው ማሽኑ ተነሣ። ኃላፊው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ፤ የተማሩት ልጆች ቀኑን ሙሉ የሚፈጅባቸውን አቶ ላምቤቦ በሁለት ሰዓት ጨረሱት አሉ። እኔም በሰው ፊት፣ «ጨርሻለሁ» አልኩ።

ከዚያ ኔትወርኩ እምቢ አለ።

ማሽኑ አዲሱን ቦርድ የሚያውቅበትን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ ከፍላሽ ጫንኩ። አልሠራም። የኔትወርክ ገመዱን ነቅዬ መልሼ ሰካሁት። ያ ገመድ ሲገባ ጠቅ ይላል፤ ይህን ሥራ የሠራ ሁሉ ጣቱ ያውቀዋል። ያን ዕለት ጠቅ አላለም። ደግሜ ገፋሁት፤ አላለም። መሰኪያው ላይ መብራት ያለባት ትንሽዋ አረንጓዴ ነጥብም ጨለማ ናት።

ምን እንደሆነ ወዲያው አውቄያለሁ። የኮምፒውተሩ ጀርባ ላይ መሰኪያዎቹ ብቅ የሚሉበት ቀጭን ቆርቆሮ አለ። ቆርቆሮው ትንንሽ ምላሶች አሉት። ማዘርቦርዱን ሲያስገቡት በጥንቃቄ ካልሆነ አንዱ ምላስ ታጥፎ መሰኪያው ውስጥ ይገባል፤ ገመዱም አይገጥምም። ከዚያ በፊትም አንድ ጊዜ ሱቄ ውስጥ ደርሶብኛል። መፍትሔው ሁሉን ነገር ፈትቶ ምላሱን ማቅናት ነው። ግን ጨርሻለሁ ብያለሁ። ትከሻዬ ላይ የኃላፊው እጅ ሙቀት ገና አልበረደም። ሪፖርት ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መላክ አለበት።

«ምን ሆነ?» አሉ ኃላፊው።

«ማሽኑ ደህና ነው» አልኳቸው። «ገመዱ ነው።»

ገመዱን በኮርኒስ ውስጥ ሁለት ቀን ሙሉ በአቧራ ተለውሳ የዘረጋችው ማርታ ነበረች። ኃላፊው ሰው ጠርተው ኮርኒሱን አስከፈቱ። ገመዱ ተጎትቶ ወጣ። ሌላ ገመድ መሬት ለመሬት ተዘረጋ፤ ያም አልሠራም። እንግዲያው ገመዶቹ ሁሉ የሚገናኙበት ስዊች ይሆናል አልኩ። ውሸት እንደ ዱባ ሐረግ ነው፤ አንዱን ጫፍ ስትይዘው ሌላው አጥር ያልፋል። ሪፖርቱ በፍላሽ ተጭኖ በሰው እጅ ሄደ፤ ዘግይቶም ደረሰ። ኃላፊው የማርታን ስም ሲያነሡ ዕቃዬን እየሰበሰብኩ ነበር።

ሰኞ ማርታ ተመለሰች። እኔም ተጠራሁ። ኮርኒሱ እንደተከፈተ ነው፤ የዘረጋችው ገመድ ጥግ ላይ ተጠቅልሎ ወድቋል። አየችው። እጇን ታጥባ መጣች፤ የመስኮቱን ብረት ጨበጠች።

«ጋሼ፣ መጨረሻ የተነካው ምንድን ነው?»

«ማዘርቦርዱን ቀይሬያለሁ። ሌላ ምንም አልነካሁም» አልኩ። ኃላፊው በር ላይ ቆመዋል።

ኮምፒውተሩን አዙራ በስልኳ መብራት ጀርባውን አየች። ዓይኗ መሰኪያው ላይ ሲያርፍና እዚያው ሲቆም አየሁት። ቀና ብላ እኔን አየች። ማንንም በማትጎዳበት ድምፅ እንደገና ጠየቀችኝ። እኔም እንደገና ያንኑ መለስኩ። ከዚያ ፈታችው። ማዘርቦርዱን አወጣች፣ ከጸጉሯ ያን ጥቁር ሽቦ መዝዛ የታጠፈውን ምላስ በጫፉ አቀናችው፣ መልሳ ገጠመችው። ጸጉሯ ፊቷ ላይ ወድቆ ነበር፤ እስክትጨርስ አልሰበሰበችውም። ገመዱን ስትሰካው ጠቅ አለ። ክፍሉ ውስጥ ያ ድምፅ ለእኔ ብቻ የተሰማ መሰለኝ።

መብራቷ ግን ወዲያው አልበራችም። ማርታ ኤሌክትሪኩን ነቀለች፣ ባትሪዋን አወጣች፣ ቁልፉን ተጭና መቁጠር ጀመረች። ስትቆጥር የምታየው እኔን ነበር። ሠላሳ ሙሉ። አሁን ሳስበው ያ ቁጥር ለማሽኑ ብቻ አልነበረም፤ ያን ጊዜ ግን መሬት መሬት አየሁ። መልሳ ስታስነሣው አረንጓዴዋ ነጥብ በራች። የቀረው ቀላል ነበር፤ የመሥሪያ ቤቱ ኔትወርክ ማሽኖቹን በተመዘገበ ቁጥራቸው ነው የሚያውቀው፤ ቦርዱ ሲቀየር ቁጥሩም ስለተቀየረ እንደ እንግዳ በር ላይ አቁሞታል። አዲሱን ቁጥር መዘገበችለት። ሠራ።

«ታዲያ ምን ነበር?» አሉ ኃላፊው።

ማርታ ቀና አለች። ወደ እኔ አየች። ሦስተኛው ጥያቄ ያ ነበር፤ በቃል አልጠየቀችኝም እንጂ። እኔ ብሎን እየሰበሰብኩ ነበር።

«ኔትወርኩ ነበር፤ ተስተካክሏል» አለች።

ኃላፊው የገመዱ ነገር ነው ብለው ያዙ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈላት። ከጥቂት ወራት በኋላ የሠራተኛ ድልድል ሲሠራ፣ ደብዳቤ ያለበት ሰው ለዋናው ቢሮ አይሆንም ተብሎ ወደ ሾኔ ተዛወረች። ያውም መዝገብ ቤት። ምሕረት መናኸሪያ ድረስ ሸኝታት አልቅሳ ተመለሰች። የቅዳሜው ትምህርት በዚያው ቀረ።

እኔ በዚያ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ስለ እውነት ለወጣቶች አስተማርኩ። ተራዬ ስለነበረ ነው። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ ይህን የምጽፈው ማንም ሰው በድምፄ እንዳይታለል ብዬ ነው።

ለምን እንዳልተናገረችብኝ ብዙ አስቤያለሁ። ምናልባት ለምሕረት ብላ ነው፤ የልጅቷን አባት በልጅቷ ፊት ማዋረድ አልፈለገችም ይሆናል። ምናልባት ራሴ እስክናገር እየጠበቀችኝ ነበር። ሰውን እንደዚያ ነበር የምትጠብቀው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ምሕረት ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ ባለቤቴ አርፋ፣ ቤቱ ጭር ሲልብኝ፣ አንድ ማለዳ ተነሥቼ ወደ ሾኔ ሄድኩ። ልነግራት ነው የሄድኩት። አገኘኋት። ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ከወለል እስከ ጣሪያ ፋይል፣ አንድ መስኮት፣ ኮምፒውተር የለም። ስታየኝ እንደ ዘመድ ሳመችኝ። ሻይ ቤት ወሰደችኝ። ስለ ምሕረት ትምህርት አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። የሾኔ ሰው ደግ እንደሆነ፣ ግን ማታ ማታ የምታወራው ሰው እንደሌላት፣ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ኳየር ውስጥ እንዳልገባች ነገረችኝ። እጇን አየሁት፤ ጣቶቿ በፋይል አቧራ ነጥተዋል። የመጣሁበትን አልነገርኳትም። በምትኩ ስለ ሆሳዕና መንገድና ስለ ዝናብ አወራሁ።

መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። መኪናው ውስጥ ገብቼ መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ፤ እሷ ውጪ ቆማለች። ረዳቱ ሰው እየጠራ ነበር።

«ጋሼ፣ የረሱት ነገር የለም?» አለችኝ።

ቦርሳዬን ዳሰስኩ። ቦርሳዬን እንዳልጠየቀችኝ እያወቅሁ ዳሰስኩ።

«የለም» አልኳት።

መኪናው እስኪዞር ድረስ እዚያው ቆማ ነበር። ከዚያ በኋላ አላየኋትም።

እንግዲህ በምሕረት ስልክ ማግሥት ወደ ዳምቦያ ሄድኩ። የሐዘኑ ድንኳን ከእንሰቱ አጠገብ ነው፤ ደመና ነበር፤ ወንበሮቹ ግማሽ ባዶ ሆነዋል። አባቷ አቶ ጴጥሮስ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ በከዘራቸው ላይ ሁለት እጃቸውን ደራርበው ተቀምጠዋል። ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ከሆሳዕና ድረስ በመምጣቴ አመሰገኑኝ። ምስጋናቸው ከበደኝ።

ጸሎት ከተደረገ በኋላ መርሐ ግብሩን የሚመራው ወንድም እንደ ልማዳችን የሚያውቋት ሰዎች ስለ እሷ እንዲናገሩ ጋበዘ። አንዲት ሴት ስለ መዝሙሯ ተናገረች። አንድ ሰው ስለ ደግነቷ ተናገረ። ከዚያ እንግዳው ከሆሳዕና ተባልኩ። ብዙ ጊዜ በሰው ፊት ቆሜ ተናግሬያለሁ። ያን ዕለት ግን ከየት እንደምጀምር ሳላውቅ ተነሣሁ።

ስለ ብሎኖቹ ጣሳ ተናገርኩ፤ ሰዎቹ በሐዘን መሃል ፈገግ አሉ። ስለ ቆጠራዋ ተናገርኩ። ንግግሬን እዚያ ላይ አቁሜ ብቀመጥ ማንም ምንም አይለኝም ነበር። ማርታ የለችም። የሚጠይቀኝ የለም። አቶ ጴጥሮስን አየኋቸውና ቀጠልኩ።

«ማርታ ከሆሳዕና የተነሣችው በገመድ ምክንያት ነው ተብሏል» አልኩ። «ገመዱ ደህና ነበር። ቦርዱን ስገጥም ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አውቄ ዋሸሁ። እሷም አወቀች፤ ግን አልተናገረችብኝም።»

ሰዎቹ ከመሬት ዓይናቸውን አላነሡም። አቶ ጴጥሮስ ከከዘራቸው ላይ ቀና አሉ። እሳቸው ሲናገሩ ድምፃቸው ክፍል ውስጥ እንደሚያስተምር ሰው ረጋ ያለ ነበር።

«እኔን ልታስታምም መጥታ ነው ያ የሆነው» አሉ። «በኋላ ስጠይቃት፣ 'አባ፣ ገመዱን በደንብ አልዘረጋሁትም ነበር' አለችኝ። እኔም ተቆጣኋት። የመንግሥት ሥራ ይዘሽ እንዲህ ትዝረከረኪያለሽ ብዬ ተቆጣኋት።» ከዘራቸውን አስተካክለው ያዙ። «ልጄ ዋሽታኝ አታውቅም እል ነበር። አንድ ጊዜ ዋሽታኛለች ማለት ነው፤ ያውም ለአንተ ብላ።»

ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ።

«ቀድመህ ብትነግረኝ፣» አሉ፣ «ይቅርታ እጠይቃት ነበር።»

ከዚያ ለአንዲት ልጅ ምልክት ሰጡና ንፍሮ ቀረበልኝ። በላሁ። ካልበላሁ ማኩረፍ ይሆናል። ሕይወቴን ሙሉ እንደዚያ የከበደኝ እህል የለም።

ሰው ሲናገር ይቀለዋል ይላሉ፤ እኔም ለልጆቼ ብዙ ጊዜ ብያለሁ። አሁን ግን ልጄን ሳስተምር የተሳሳትኩት አንድ ነገር ገብቶኛል። እውነት ለተናጋሪው ማረፊያ አይደለችም፤ ለተበደለው የምትመለስ ዕቃ ናት። ባለቤቱ ከሄደ በኋላ ይዘሃት በር ላይ ብትቆም፣ የሚቀበልህ የለም።

ሐሙስ ዕለት ሱቄን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ዝናብ ነበር፤ ደንበኛ የለም። የቀረ አንድ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ያች እራቷን ከፊቷ ያነሣሁባት፣ በሰው ፊት ያቆምኳት ልጅ። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም ከበር ላይ እጁን አጣምሮ አልቆመም። ደወልኩላት።

«አባ? ምን ሆንክ?» አለች፤ ያለ ምክንያት እንደማልደውል ስለምታውቅ።

ሁሉን ነገርኳት። ከቆርቆሮው ምላስ ጀምሮ እስከ አቶ ጴጥሮስ ቃል ድረስ። አላቋረጠችኝም። ስጨርስም ምንም አላለችም። ከስልኩ ውስጥ የቢሮዋ ድምፅ ይሰማኛል፤ ወንበር ሲንሸራተት፣ ሩቅ የሆነ ሰው ሲስቅ። አለሽ ወይ ብዬ ልጠይቃት ፈለግሁ፤ ተውኩት።

በልቤ መቁጠር ጀመርኩ፤ ማቱ፣ ላሙ፣ ሳሱ። በማርታ ቋንቋ የማውቀው እስከ አሥር ድረስ ነው። ከአሥር በኋላ ያለውን በራሴ ቆጠርኩት፤ ሳልቸኩል። ሃያ አለፈ። ሃያ አምስት። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ በረታ። ሠላሳ ሞላ። ምሕረት አልተናገረችም፤ ስልኩንም አልዘጋችም።